ጥቆማ፦ ምዕራብ ለሚያይ መስኮት ጨርቅ መጋረጃ ወይስ ዜብራ? (ኮዬ ፈጬ)

የኮዬዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ከገባን ሁለት ወር ሆነን። እስካሁን መስኮቱን በአንሶላ ነው የሸፈንነው። ሳሎናችን ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትገባለች፤ ሶፋው ላይ መቀመጥ አይቻልም። ፊት ለፊታችን ያለው ብሎክ ቅርብ ነው፣ ማታ መብራት ካበራን ሁሉ ነገር ይታያል። በኛ በኩል ያለው መንገድ አስፋልት ስላልሆነ አቧራው ለጉድ ነው። እና ምን ትመክሩኛላችሁ? ጨርቅ ይሻላል ወይስ ዜብራ (ስስና ወፍራም መስመር የሚፈራረቅበት፣ ወደ ላይ የሚጠቀለለው)? መርካቶ ጨርቅ ገዝቼ ላሰፋ ወይስ ለክቶ ሠርቶ ለሚገጥም ሰው ልስጥ? እዚህ ድረስ የሚመጣ የምታምኑት ገጣሚ ካለም ጠቁሙኝ። መስኮቱ ወርዱ 1 ሜትር ከ80 ነው። የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ አለኝ።

የአራብሳ እናት፦
እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ እህቴ። ዜብራ እንዳትሞክሪው። ቦሌ አራብሳም አቧራው እንደናንተው ነው። በየመስመሩ ይይዘዋል። ጨርቅ ቢሆን አውርደሽ ታጥቢዋለሽ። ዜብራን ማሽን ውስጥ አትከቺው፤ በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርጊው ደግሞ አቧራው ጭቃ ሆኖ ይቀራል። እኔ በስንት ልፋት ነው አውርጄ ለእህቴ የሰጠሁት።

ቱሉ ዲምቱ 4ኛ ፎቅ፦
እኔ ደግሞ ዜብራ ካስገባሁ 3 ዓመቴ ነው። በሳምንት አንዴ በደረቅ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ እስካሁን እንደ አዲስ ነው። ቦታ አይበላም፣ ለጠባብ ሳሎን በጣም ጥሩ ነው። ልብ የምትዪው ነገር፣ ማታ መስመሮቹን ካላገጣጠምሽ ውስጡን ያሳያል። ሙሉ ጨለማም አያደርግም፤ በጎንና በጎን ብርሃን ሾልኮ ይገባል። የሠራልኝ ልጅ ሾላ ገበያ ነው ያለው። ስልኩን በውስጥ እልክልሻለሁ።

ጀሞ 2፦
ዋጋውን እዚሁ ጻፈው ወንድሜ። ሁሉም በውስጥ በውስጥ ካለ ሌላው አንባቢ ምን ይጠቀማል?

ቱሉ ዲምቱ 4ኛ ፎቅ፦
የ3 ዓመት ዋጋ ብነግርህ ሰውን ማሳሳት ነው የሚሆነው። ዛሬ ሌላ ነው።

የተቃጠለች፦
እህቴ፣ ማንንም ከማመንሽ በፊት የኔን ስሚ። ሰፈራችን ያለ አንድ መጋረጃ ሰፊ ጋ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፣ ጉዳዩ ሽምግልና ላይ ነው። ቤቴ መጥቶ ለካ። የዋጋውን ግማሽ ቀብድ ከፈልኩ። በሳምንት ይደርሳል አለኝ። ዛሬ ነገ እያለ ሁለት ወር አስቆጠረኝ። ስደውል አያነሳም፣ በሌላ ስልክ ስደውል ያነሳል። በስተመጨረሻ አመጣው። ሲሰቅለው ከወለሉ አንድ ስንዝር ቀርቷል! ባለቤቴ በሜትር ለካው፣ 20 ሴንቲ ያጥራል። «ጨርቁ ሲተኮስ ተሰብስቦ ነው» አለኝ። ቀሪውን አልከፍልም ስለው መጋረጃውን አውርዶ ይዞት ሄደ። ቀብዴም ቀረ፣ መጋረጃውም ቀረ። ለበዓል ቤቴ ራቁቱን ነው የዋለው። አሁንም ሳስበው እንባዬ ይመጣል።

የአራብሳ እናት፦
ኧረ የኔ እናት! ቀብድ ወስዶ መጥፋት ልማድ ሆኗል። የኔ እህት በር አሠራለሁ ብላ እንዲሁ ነው የሆነችው።

ሰበታ፦
ቁምሳጥን ላይም ያው ነው። ደረሰኝ ነበረሽ?

የተቃጠለች፦
ደብተር ላይ ነው የጻፈው። ቅጂ አልሰጠኝም።

ሰበታ፦
እንግዲያው በቴሌብር ወይም በባንክ ካስገባሽለት እሱ ራሱ ማስረጃ ነው። ምን ያህል ሜትር፣ ምን ዓይነት ጨርቅ፣ መቼ እንደሚያስረክብ በመልእክት ላኪለት። «እሺ» ብሎ ከመለሰ ቃሉ ተጽፎ ቀረ ማለት ነው። እኔ ካሁን በኋላ ለማንም እንዲሁ ነው የማደርገው።

ሸማ ተራ ደንበኛ፦
ልጄ፣ በየሰፈሩ ካለ ሰፊ ጋ ምን አስኬደሽ? መርካቶ ሸማ ተራ ሂጂ። እኔ አንድ ሰውዬ ጋ 15 ዓመት ደንበኛ ነኝ። የኔን ቤት፣ የእናቴን ቤት፣ ሁለቱን ልጆቼን ስድር የሠራልኝ እሱ ነው። ከሱ ሌላ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። ሻይ አዝዞ ነው የሚያስተናግደው።

ጀሞ 2፦
ጋሼ፣ የሰፋልዎት ከታጠበ በኋላ እንዴት ሆነ? ቀለሙ አልለቀቀም?

ሸማ ተራ ደንበኛ፦
የመኝታ ቤቱ አንደኛው ክንፍ ነጣ ብሏል። የትልቋ ልጄም ትንሽ አጥሮባት ነበር። ሰው ነው፣ ይሳሳታል። ነግሬው ጫፉን ቀጥሎ አስተካክሎልኛል። ነገም እሱ ጋ ነው የምሄደው።

የለገጣፎ ሙሽራ፦
የኮዬዋ፣ ሶፋሽ ቀለሙ ምንድነው? መጋረጃ ከሶፋ ጋር ነው የሚመረጠው።

የኮዬዋ፦
ቡናማ ነው።

የለገጣፎ ሙሽራ፦
ክሬም ግቢበት! ምንጣፉስ?

ሱሉልታ፦
ቡናማ ላይ ክሬም ሞቶ ይታያል። አረንጓዴ ይሻላል። እኔ አረብ መጅሊስ ከአረንጓዴ መጋረጃ ጋር ነው ያደረግሁት፣ እንግዳ ሁሉ ይጠይቀኛል።

የለገጣፎ ሙሽራ፦
መጅሊሱን የት አሠራሽ? ስፖንጁ ስንት ዴንሲቲ ነው?

ጀሞ 2፦
ልጅቷ የጠየቀችው ስለ መስኮት ነው! ለመጅሊሱ ሌላ ጥያቄ ክፈቱ። ሁለት ወር በአንሶላ ለተቀመጠ ሰው እስቲ አንድ የሚጠቅም ነገር እንንገራት።

ሕንፃ ሥራ ላይ ያለሁ፦
እኔ ከፀሐይዋ ልጀምር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ በስተሰሜን ናት። ስለዚህ ቀትር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብላ ነው የምታልፈው። በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ በሰኔ ትንሽ ወደ ሰሜን። የቀትሯን በረንዳ ወይም የጣሪያ ጠርዝ ይመልሳታል። የሚያስቸግሩት ምሥራቅና ምዕራብ ናቸው። ያኔ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ከላይ ያለ ጥላ አያቆማትም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ስለምንኖር ጨረሩም ጠንካራ ነው። የመጋረጃ ቀለም ቶሎ የሚነጣው፣ የሶፋ ጨርቅ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው።
ለምዕራብ መስኮት ምክሬ ሁለት ድርብ ነው፤ ስስ ከመስታወቱ በኩል፣ ወፍራም ከቤት በኩል። የወፍራሙ ጀርባ ነጭ ወይም ፈዛዛ ይሁን፤ ብርሃኑን በመስታወቱ መልሶ ያስወጣዋል። ጠቆር ያለ ጀርባ ሙቀቱን ይጠጣና ወደ ቤት ይለቀዋል። ከ9 ሰዓት በፊት ዝጊው። ቤቱ አንዴ ከሞቀ በኋላ መዝጋቱ ብዙም አይረዳም።

ቦሌ ቡልቡላ፦
ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? መስታወት የሚመስለውን ስቲከር ለጥፊበት። ከውጭ አይታይም።

ሕንፃ ሥራ ላይ ያለሁ፦
ቀን ብቻ ነው ወንድሜ። ከውጭ የማይታየው ውጩ ከውስጥ ይልቅ ብሩህ ስለሆነ ነው። ማታ መብራት ስታበራ ይገለበጣል፤ ውጭ ያለው ያያል፣ አንተ ራስህን ታያለህ። እሷ ደግሞ ያስጨነቃት የማታው ነው። ስሱ መጋረጃም ለብቻው ያው ነው።

የሽሮ ሜዳ ልጅ፦
ለምን የሀገራችንን ጨርቅ አታስቡም? ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎቹ ጋ ሄዳችሁ በልካችሁ ማሠራት ትችላላችሁ። ጫፉ ላይ ቀጭን ጥለት ሲወርድበት ሳሎኑ ራሱ ይናገራል። ቤቴ በጠዋት ብርሃኑ በድሩና በማጉ መሃል ሲገባ ማየት እወዳለሁ። ጥጥ ስለሆነ ግን ሳይታጠብ አይሰፋ። መጀመሪያ እጠቡት፣ ይሰብሰብ፣ ከዚያ ይለካ። በቀጥታ ፀሐይ ደግሞ ከፖሊስተር ቀድሞ ይደክማል። ስለዚህ ቀጥታ ፀሐይ ለማይበዛበት ክፍል እንጂ ለምዕራቡ ሳሎን አልመክርሽም።

የተቃጠለች፦
የኔ ሰውዬ ፖሊስተሩን ነው ተሰበሰበ ያለኝ! አያችሁ?

መጋረጃ ሰፊ ነኝ፦
እህቴ፣ የደረሰብሽ ነገር እኛን ሁሉ ያሳፍራል። ሙያው ላይ ያለሁ ሴት ነኝ፣ ለዚህ ነው ዝም ማለት ያልቻልኩት። ብዙ ጊዜ የሚያጥረው ጨርቁ ተሰብስቦ ሳይሆን የተለካው መስኮቱ ስለሆነ ነው። መጋረጃ የሚለካው ከብረቱ ነው። መጀመሪያ ብረቱ የሚሰቀልበትን ቦታ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ ከብረቱ እስከ ወለል መለካት። ሴራሚክ ወይም ምንጣፍ ገና የሚገባ ከሆነም አብሮ መታሰብ አለበት።
ለኮዬዋ በቁጥር ላስረዳሽ። መስኮትሽ 1.80 ከሆነ ብረቱ በግራም በቀኝም 20 ሴንቲ ይለፍ፣ 2.20 ይሆናል። ለወፍራሙ የብረቱን ሁለት እጥፍ፣ 4.40 ሜትር ጨርቅ ግዢ። ለስሱ ሁለት ተኩል እጥፍ፣ 5.50። ሽንሽኑ የሚያምረው ያኔ ነው። ሻጩ ሦስት እጥፍ ካላደረግሽ ቢልሽ አትስሚው። አብዛኛው የመጋረጃ ጨርቅ ወርዱ 2.80 ስለሆነ ያ ወርድ ቁመት ሆኖ ይሰፋል፣ መሃል ላይ ቅጥል የለውም። ብረቱ 2.40 ላይ ቢሰቀል ከወለሉ 2 ሴንቲ ከፍ ይበል፣ 2.38 ነው። ለታች እጥፋት 15፣ ለላይ 10 ጨምሪ፣ 2.63። ከ2.80 ውስጥ ይበቃሻል። 2 ሴንቲዋን የምልሽ ወለል ስትወለውዪ ጫፉ ውሃ እንዳይጠጣ ነው።
ገበያ ስትሄጂ ጨርቁን በስልክ መብራት እዪው። ብላክ አውት (ብርሃን የማያሳልፍ) ነው ካሉሽ የተቆረጠውን ጫፍ ተርተር አድርጊው። ብዙዎቹ መሃል ላይ ጥቁር ክር አላቸው። ናሙና ቆርጠው ይስጡሽና ቤትሽ ወስደሽ በ9 ሰዓቱ ፀሐይ ሞክሪው። ሱቅ ውስጥ ያለው መብራት ያታልላል።

የአራብሳ እናት፦
እጅሽ ይባረክ። እኔ ሁለቴ ገዝቼ ነው ይህን የተማርኩት።

ባለ ድሪል፦
ሰላም፣ ገጣሚ ነኝ። ከጨርቁ በላይ ሰው የሚቃጠለው በብረቱ ነው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ መሃሉ ክፍት ነው። በመዶሻ ድሪል ከበሱት ውስጡ ይፈርሳል፣ ፊሸሩ (ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) ይዞራል፣ ወፍራም መጋረጃ ሲሰቀልበት በሦስተኛው ቀን ከነልስኑ ይወርዳል። ብሎኬት ላይ መዶሻውን አጥፍቶ በማሽከርከር ብቻ መብሳት። ለ8 ፊሸር 8 መብሻ እንጂ 10 አይደለም። ከመስኮቱ በላይ ኮንክሪት ካለ እዚያ ላይ ይሁን፤ እዚያ መዶሻው ያስፈልጋል። ብሎኬቱ እምቢ ካለ ቀጥ ያለ ጣውላ በአራት አምስት ቦታ ግድግዳው ላይ አስሮ ብረቱን ጣውላው ላይ መግጠም ነው። ግድግዳው ቀለም ሲቀባ ጣውላውም አብሮ ይቀባል፣ አይታይም። ለ2.20 ብረት መሃል ላይ ሦስተኛ መያዣ አትርሱ፣ አለበለዚያ ይጎብጣል። ከማብሪያና ከሶኬት ትይዩ ወደ ላይ ሽቦ ስለሚሄድ እዚያ መስመር ላይ አትብሱ።
ለዜብራ ደግሞ በመስኮቱ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ላይ፣ መሃል፣ ታች ሦስት ቦታ ይለካ። ልስን እኩል አይሆንም። ትንሹን ቁጥር ያዙ።

ገላን፦
ትንኝስ? እኛ ጋ ከመጋረጃ ይልቅ ወንፊት ነው የሚያስፈልገው።

ሰበታ፦
በማግኔት የሚለጠፍ አለ። ማታ ማታ ለኛ ሠርቷል።

ቦሌ ቡልቡላ፦
ማግኔቱ በአንድ ክረምት ይለቃል። በአሉሚኒየም አሠራው።

ሁለት ልጆች ያሉኝ፦
የኮዬዋ፣ ልጅ አለኝ ስትዪ ማንም ያልመለሰልሽን ልንገርሽ። ዜብራ የሚጎተትበት ሰንሰለት ቀለበት ሆኖ ነው የሚንጠለጠለው። ሕፃን አንገቱ ላይ ሊገባበት ይችላል። የኔዋ ሶፋ ላይ ቆማ ስትጫወትበት ደርሼባት እጄ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ዜብራ ካልሽ ሰንሰለቱን ግድግዳው ላይ በሚታሰር መያዣ ወጠር አድርገሽ አስሪው፤ ሶፋና አልጋም ከመስኮቱ ሥር አርቂ። የማብሰያ ቤቱን መስኮትም ካሰብሽበት፣ ምድጃና ምጣድ አጠገብ ረጅም ጨርቅ አይሁን።

ቱሉ ዲምቱ 4ኛ ፎቅ፦
ይህን አላሰብኩትም ነበር። አመሰግናለሁ፣ ዛሬውኑ አስረዋለሁ። ዜብራው ግን አሁንም ጥሩ ነው።

ሸማ ተራ ደንበኛ፦
ልጄ፣ ቅዳሜ ከሄድሽ ጠዋት ሂጂ። ከሰዓት በኋላ ሰው ይበዛበታል። እኔ የላኩሽ መሆኑን ንገሪው።

የኮዬዋ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ከባለቤቴ ጋር ለካን። ላይ 1.78፣ መሃል 1.80፣ ታች 1.81 ነው። ከመስኮቱ በላይ በጣቴ ሳንኳኳው አንዱ ጋ ደረቅ ድምፅ፣ አንዱ ጋ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ናሙና ሦስት አምጥቻለሁ፣ ክሬምም አረንጓዴም አለበት። አንሶላውን አውርጄ መስኮቱ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቅያቸዋለሁ። አሁን 8 ሰዓት ተኩል ነው፣ ፀሐይዋን እየጠበቅኩ ነው።

የለገጣፎ ሙሽራ፦
ፎቶ ላኪልን!

ገላን፦
የሾላውን ልጅ ስልክ ለኔም በውስጥ ላኩልኝ። ወንፊት ይሠራል?