ጂሊብሲን ሳሳድግ፦ ሊኑክስትሬድስ፣ ኤንፒቲኤል ወይስ ሁለቱንም?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመጋዘን መዝገብ የሚሠራበት አሮጌ ማሽን ነው፤ ፔንቲየም 3፣ 512 ሜጋባይት ራም፣ ጄንቱ ሊኑክስ፣ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) 2.4። ጂሊብሲን (ፕሮግራሞች የሚደገፉበትን ዋናውን የሲ ላይብረሪ) ከ2.3.2 ወደ 2.3.6 ላሳድገው ነው፤ ከርነሉንም ወደ 2.6 መቀየር ይቻላል። የመዝገቡ ፕሮግራም ግን ሶርስ ኮዱ በእጃችን የለም። ትሬዶችን (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎችን) ለማስተዳደር የድሮው ሊኑክስትሬድስ ይሻላል፣ አዲሱ ኤንፒቲኤል ወይስ ሁለቱም? መብራትስ ኮምፓይል መሀል ቢጠፋ?

መልስ (ሸዋ ሮቢት)፦
ሁለቱንም አስገባ ወንድሜ። ዩዝ መስመር (ጄንቱ ፓኬጅ ሲሠራ የሚያያቸው ምርጫዎች) ላይ «ኤንፒቲኤል» ጻፍ፣ «ኤንፒቲኤልኦንሊ»ን (ኤንፒቲኤል ብቻ) ግን ተው። ላይብረሪው ሁለት ጊዜ ስለሚሠራ ሰዓቱ ይረዝማል፣ ታገሠው። ሊኑክስትሬድስ «ሊብ» ውስጥ፣ ኤንፒቲኤል ደግሞ እዚያው ሥር «ቲኤልኤስ» ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሎደሩ (ፕሮግራም ሲነሣ ላይብረሪዎቹን የሚጭንለት) ከርነሉን አይቶ ይመርጣል።

በሊኑክስትሬድስ እያንዳንዱ ትሬድ የራሱ ፒአይዲ (የፕሮሰስ መለያ ቁጥር) አለው፤ በኤንፒቲኤል ሁሉም አንዱን ይጋራሉ። የእናንተ ፕሮግራም ትሬዶቹን በፒአይዲ የሚለይ ከሆነ ይበላሻል። ያን ጊዜ ከማስነሻ ትእዛዙ ፊት ኤልዲ_አሹም_ከርነል=2.4.1 (ሎደሩ ከርነሉን እንደ 2.4.1 እንዲቆጥረው) ብለህ እሱን ብቻ ወደ ድሮው መልሰው።

መልስ (መሐል ሜዳ)፦
ሶርስ ኮድ ቢኖር «ኤንፒቲኤልኦንሊ» እል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ከወጣው 2.4 ጂሊብሲ ጀምሮ ሊኑክስትሬድስ ቀርቷል። እዚህ ግን ሁለቱም ይሁኑ። ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ በ2.6 ከርነል አስነሣና «ዩኔም»ን በትንሹ አር (-r) አስሮጠህ የከርነሉን ቁጥር አረጋግጥ፣ ቀጥሎ የ2.6 ሄደሮችን (ለኮምፓይል የሚያስፈልጉ የከርነል ፋይሎችን) ጫን፣ መጨረሻ ጂሊብሲን። ኤንፒቲኤል ብቻ ያለው ጂሊብሲ በ2.4 ላይ ከተነሣ «ከርነል ቱ ኦልድ» ብሎ ኢኒት (መጀመሪያ የሚነሣው ፕሮግራም) ይሞታል። ቾስትህም (ፓኬጆች የሚሠሩለት የማሽን ዓይነት) አይ386 ከሆነ ኤንፒቲኤል አይሠራም፤ ቢያንስ አይ486 ይፈልጋል።

መልስ (እነዋሪ)፦
መብራቱን በተመለከተ፣ ኮምፓይሉ በጊዜያዊ ፎልደር ስለሚካሄድ ቢቋረጥ የሚባክነው ሰዓት ብቻ ነው። የሚያስፈራው ፋይሎቹ «ሊብ» ላይ የሚተኩባት አፍታ ናት። ስለዚህ ለያየው፦ ኢመርጅን (የጄንቱን ፓኬጅ መጫኛ) በትልቁ ቢ (-B) አስሮጠህ ፓኬጁን ብቻ አሠራ፤ በኋላ መብራቱ ሲረጋ፣ ከተቻለ በዩፒኤስ፣ በትልቁ ኬ (-K) ጫነው። ወደ ድሮው ቁጥር መመለስ የለም፣ ጄንቱም አይፈቅድልህም። ቀድመህ «ሊብ»ን ቅዳ፣ ላይቭ ሲዲም አጠገብህ ይኑር።

ጠያቂ፦
ተጫነ። ከርነሉ 2.6 ነው፤ ግን የትኛው የትሬድ ላይብረሪ እንደሚሠራ ለማየት «ጌትኮንፍ ጂኤንዩ_ሊብፒትሬድ_ቨርዥን» ስል «ሊኑክስትሬድስ-0.10» ይለኛል።

መልስ (ሸዋ ሮቢት)፦
ኤልዲ_አሹም_ከርነልን ለሁሉም እንዲሠራ ፕሮፋይል ፋይሉ ላይ ጽፈኸው እንዳይሆን? «አንሴት» አድርገህ እንደገና ጠይቀው።

ጠያቂ፦
እዚያው ነበር! አወጣሁትና «ኤንፒቲኤል 2.3.6» አለ። አሁን የመዝገቡ ማስነሻ ስክሪፕት ውስጥ ብቻ አስገብቼዋለሁ።

መልስ (መሐል ሜዳ)፦
ኋላ ወደ 2.4 ጂሊብሲ ብትሄድ ያችን የኤልዲ_አሹም_ከርነል መስመር ቀድመህ ሰርዛት። ካልሰረዝካት ፕሮግራሙ «ሊብሲ የለም» ብሎ አይነሣም፣ ፋይሉ እዚያው ተቀምጦ።