ማይክል ሹልትዝ ወደ ቴሌቪዥን የገባው ሲኒማ ፊቱን ስላዞረበት ነውን?

ጥያቄ

ስለ አፍሪካ አሜሪካዊው ዳይሬክተር ማይክል ሹልትዝ አንድ ጽሑፍ በማዘጋጀት ላይ ነኝ። በ1938 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሚልዋኪ ከተማ ተወልዶ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ በኒው ዮርክ መድረኮች ስም ያተረፈ፣ በ1970ዎቹ ለትልልቅ የሆሊዉድ ስቱዲዮዎች በተከታታይ ፊልም ከሠሩት እጅግ ጥቂት ጥቁር ዳይሬክተሮች አንዱ የሆነ፣ ዕድሜው ሰማንያን ካለፈም በኋላ የቴሌቪዥን ድራማ መሥራቱን ያላቆመ ሰው ነው። ሆኖም ያነበብኳቸው አብዛኞቹ ጽሑፎች ታሪኩን 1978 ላይ ይቋጩታል። በዚያ ዓመት የቢ ጂስ የሙዚቃ ቡድንና ዘፋኙ ፒተር ፍራምፕተን የተወኑበት እርሱ የሠራው «ሳርጀንት ፔፐርስ ሎንሊ ኸርትስ ክለብ ባንድ» የተባለው ሙዚቃዊ ፊልም በሐያስያን ክፉኛ ስለተነቀፈ፣ ከዚያ በኋላ የሠራው ሁሉ እንደ ቁልቁለት ይታያል። እኔ ይህን አተያይ ለመቀበል ተቸግሬአለሁ። ቲያትሩን፣ ሲኒማውንና ቴሌቪዥኑን የሚያያይዝ አንድ ችሎታ አለ ትላላችሁ? ወይስ ቴሌቪዥን በእርግጥ ሌላ አማራጭ ያጣ ሰው የተጠለለበት ቦታ ነው?

የመጀመሪያ መልስ

ከ1978 ሳይሆን ከ1968 ቢነሡ ይሻላል ባይ ነኝ። ኒግሮ አንሳምብል ካምፓኒ የተባለው የቲያትር ቡድን በ1967 የተቋቋመው ጥቁር ተዋንያን፣ ደራስያንና አዘጋጆች የራሳቸው መድረክ እንዲኖራቸው ነበር። ቡድኑ በ1968 መጀመሪያ ለተመልካች ያቀረበውን የመክፈቻ ሥራውን፣ ማለትም ፖርቱጋል በአንጎላ ያደረሰችውን የቅኝ ግዛት ግፍ የሚያሳየውን የጀርመናዊውን ጸሐፌ ተውኔት የፔተር ቫይስን ሥራ፣ ያዘጋጀው ሹልትዝ ነው። በዚያው ዓመት የናይጄሪያዊውን ደራሲ የወሌ ሾይንካን «ኮንጊስ ሃርቨስት»ም ለዚሁ ቡድን አዘጋጅቷል። የቫይስ ተውኔት አንድ ዋና ገጸ ባሕርይ የለውም፤ ጥቂት ተዋንያን ገዢውንም ተገዢውንም እየተፈራረቁ ይጫወታሉ፤ ዘፈኑ፣ ንግግሩና የአካል እንቅስቃሴው ተሳስረው ካልሄዱ ሥራው መድረክ ላይ ይበታተናል። አዘጋጁ የሚፈተነው አንዱን ተዋናይ አጉልቶ በማሳየት ሳይሆን ሁሉንም እኩል በማንቀሳቀስ ነው።

በ1969 በብሮድዌይ፣ ማለትም በኒው ዮርክ ዋና የቲያትር መንደር፣ ያዘጋጀው «ደዝ ኤ ታይገር ዌር ኤ ኔክታይ» ዕድሜው አጭር ነበር። ቢሆንም አል ፓቺኖ ብሮድዌይን የረገጠበትና ቶኒ የተባለውን የአሜሪካ የቲያትር ሽልማት ያገኘበት ሥራ ነው፤ ሹልትዝም ለምርጥ አዘጋጅነት ታጭቶበታል።

አሁን እነዚህን ይዘው የሹልትዝን ፊልም «ካር ዋሽ»ን ይመልከቱት። ዩኒቨርሳል በ1976 ያወጣው ይህ ፊልም በአንድ የሎስ አንጀለስ መኪና ማጠቢያ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሆነውን ብቻ ነው የሚያሳየው። አጣቢው፣ ገንዘብ ተቀባይዋ፣ ባለቤቱ፣ የባለቤቱ ልጅ፣ ደንበኛው፣ ሁሉም የየራሱን ጉዳይ ይዞ ይገባል፣ ይወጣል፤ የሬዲዮኑ ድምፅ ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ያሸጋግረናል። ሙዚቃው አስቀድሞ ስለተዘጋጀ በቀረጻው ወቅት ይሰማ ነበር፤ ተዋንያኑ ጨርቅ ሲጨምቁና ጎማ ሲፈትጉ ሰውነታቸው ከምቱ ጋር የሚሄደው ከዚህ የተነሣ ነው። ለእኔ ይህ የ1968ቱ መድረክ ካሜራ ተጨምሮበት ነው። ፊልሙ በ1977 በካን ፌስቲቫል ለውድድር መቅረቡንም ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፣ ምናልባት አስቂኝ ስለሆነ።

ሁለተኛ መልስ

ስለ መድረኩ የተባለውን አልቃወምም። ግን የችሎታን ነገር ስናነሣ የገበያውን ነገር ከረሳን ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል።

ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በታች በሆነ በጀት የተሠራው «ኩሊ ሃይ» በ1975 ወጥቶ ከወጪው ብዙ እጥፍ አስገብቷል። የቺካጎ የጥቁሮች ሰፈር ወጣቶችን ኑሮ ያለ ሽጉጥ ጀግና፣ ያለ ወንበዴ ውዳሴ ማሳየት እንደሚቻል ያረጋገጠ ፊልም ነው፤ በ2021ም በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ተካቷል። ይሁን እንጂ በ1970ዎቹ መጨረሻ ስቱዲዮዎቹ ጥቁር ተዋንያን የሚበዙባቸውን ፊልሞች መሥራት በእጅጉ ቀነሱ። እዚህ ላይ አንድ ፊልም መውደቁ ብቻውን ያን ያህል የሚያስረዳ አይመስለኝም፤ ያልወደቁትም ሥራ አጥተዋልና።

ማስረጃ ከፈለጉ የ«ካር ዋሽ»ን የመጨረሻ ክፍል እንደገና ይዩት። በዕለቱ ከሥራ የተባረረው አብዱላ ሽጉጥ ይዞ ወደ ቢሮው ይመለሳል፤ የሥራ ባልደረባው ሎኒ በእርጋታ ያናግረዋል፣ በመጨረሻም ወጣቱ እያለቀሰ ይታቀፋል። ሎኒን የተጫወተው አይቫን ዲክሰን በ1973 ራሱ ፊልም ዳይሬክት አድርጎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በዳይሬክተርነት የኖረው በአብዛኛው በቴሌቪዥን ነው። አብዱላን የተጫወተው ቢል ዱክም በኋላ ዳይሬክተር ሆኖ ለዓመታት የቴሌቪዥን ድራማ ከሠራ በኋላ ነው «ኤ ሬጅ ኢን ሃርለም»ንና «ዲፕ ከቨር»ን በ1991ና በ1992 ለሲኒማ ማቅረብ የቻለው። ከካሜራው ፊት ሁለት፣ ከካሜራው ኋላ አንድ፣ ማለትም ሹልትዝ፤ ሦስቱም እንጀራቸውን ያገኙት ከቴሌቪዥን ነው። ይህን የግል ምርጫ ብቻ ነው ብሎ መጻፍ ያስቸግራል።

ሦስተኛ መልስ

ሁለታችሁም ቴሌቪዥንን «በኋላ የመጣ» አድርጋችሁ ነው የምትናገሩት፤ የጊዜ ቅደም ተከተሉ ግን እንደዚያ አይደለም። ሹልትዝ በጥቁሯ ጸሐፌ ተውኔት በሎሬይን ሃንስበሪ ጽሑፎች ላይ የተመሠረተውን «ቱ ቢ ያንግ፣ ጊፍትድ ኤንድ ብላክ»ን ለቴሌቪዥን የሠራው በ1972፣ ከ«ኩሊ ሃይ» ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ለሲኒማ በሚሠራበት በ1970ዎቹ አጋማሽም «ዘ ሮክፎርድ ፋይልስ»ን የመሰሉ ተከታታይ ድራማዎችን ዳይሬክት አድርጓል። በ1983 የጥቁሮች መብት ታጋዩን የሜድጋር ኤቨርስን ሕይወት ለሕዝብ ቴሌቪዥን ሠራ፤ በ1985 ደግሞ ተመልሶ «ዘ ላስት ድራገን»ንና የሂፕ ሆፕን ጅምር የሚያሳየውን «ክራሽ ግሩቭ»ን በአንድ ዓመት ለሲኒማ አወጣ። ታዲያ ሲኒማው 1978 ላይ አበቃ የሚባለው በምን ሒሳብ ነው?

አንድ ነገር ግን መካድ አይቻልም። በአሜሪካ ተከታታይ ድራማ የመጨረሻው ቃል የዋና ጸሐፊውና የፕሮዲዩሰሩ ነው። የአንድን ክፍል ዳይሬክተር የሚቀጥሩት ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ ተዋንያኑ ገጸ ባሕርያቸውን ከእርሱ ይልቅ ያውቃሉ፣ የአንድ ሰዓቱን ክፍል በሰባት ወይም በስምንት ቀን ቀርጾ መጨረስ አለበት፣ የራሱን አሻራ ለማስቀመጥ ያለው ቦታ ጠባብ ነው። በሌላ በኩል በማያውቀው ቡድን መካከል ገብቶ፣ ተዋንያኑ ሳይሸማቀቁበት፣ በቶሎ ወደ ሥራ የሚያስገባቸው ሰው የሚገኘው ከቲያትር ልምምድ ቤት ነው። «አሮው»ን፣ «ብላክ-ኢሽ»ንና «ኦል አሜሪካን»ን የመሰሉ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ተከታታይ ፕሮግራሞች አዘጋጆች ደጋግመው የጠሩት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ስለዚህ ጠያቂው የቴሌቪዥን ሥራውን ሲመዝኑ የካሜራውን አቀማመጥ ከመፈለግ ይልቅ፣ በአንድ ክፍል ብቻ የሚታዩ እንግዳ ተዋንያን እንዴት እንደተወኑ ቢመለከቱ የእርሱን እጅ ያገኙታል።

ጠያቂው

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። የጊዜ ቅደም ተከተሉ ላይ የተሰጠው ማሳሰቢያ የጽሑፌን አወቃቀር ይለውጠዋል፤ ቲያትር፣ ሲኒማ፣ ቴሌቪዥን ብዬ በሦስት ምዕራፍ ልከፍለው አስቤ ነበር፤ አሁን ግን ሦስቱን ጎን ለጎን በየዓመታቱ አስኬዳቸዋለሁ። የዲክሰንንና የዱክን ጉዳይ ራሱን የቻለ ክፍል እሰጠዋለሁ። በሁለተኛውና በሦስተኛው መልስ መካከል ያለውን ልዩነት ግን አላስታርቀውም፤ ሰውየው በቴሌቪዥን መሥራት መቻሉና በሲኒማ በቂ ዕድል አለማግኘቱ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ።