የሠራተኞች ዕድገትና ደኅንነት፦ ለቦርዱ በሚቀርበው የጋራ ሐሳብ ላይ የማኅበሩ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢዋ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ የጋራ ሐሳባችንን የመጀመሪያ አንቀጽ እንዲህ ብዬ ጽፌዋለሁ፦ «ድርጅቱ የሠራተኞቹን አቅም ለማሳደግና ደኅንነታቸውን ለመጠበቅ አስፈላጊውን ጥረት ሁሉ ያደርጋል።» ደግሜ ሳነበው ግን ልቤ አልረጋም። «ጥረት ያደርጋል» የተባለ ድርጅት ምን ሳያደርግ ቢቀር ነው የሚጠየቀው? ስለዚህ እያንዳንዳችሁ ከክፍላችሁ ተነስታችሁ አንቀጹ ሰዓት፣ ገንዘብና ኃላፊ እንዲኖረው የሚያደርግ ሐሳብ ጨምሩበት። የበጀት ዝግጅት ከመጀመሩ በፊት ካላደረስነው አንድ ዓመት እንዲሁ ያልፈናል።

የነርሶች ተወካይ፦
እናመሰግናለን ሰብሳቢያችን። ከሥልጠና በፊት ስለ ሰዓት ልናገር። ባለፈው ዓመት ስለ ሥራ ጫና አያያዝ የአንድ ቀን ሥልጠና ተዘጋጅቶልን ነበር። አሠልጣኙ የተማሩና ትሑት ሰው ነበሩ፣ ዝግጅታቸውም ያማረ ነበር። እኔ የገባሁት ግን ከሌሊት ተራ ወጥቼ፣ ርክክብ ጨርሼ፣ ፊቴን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቤ ነው። ከኋላ ተቀምጬ ማስታወሻ መያዝ ጀመርኩ። ስነቃ እስክሪብቶዬ ከአንድ ቃል መሀል ተነስቶ እስከ ገጹ ጠርዝ ድረስ ረዥም ሰረዝ አስምሯል። ያን ደብተር እስከ ዛሬ አልጣልኩትም። በዚያው ቀን ሁለት የቀን ተረኞች ሥልጠናው ላይ ስለነበሩ አንዲት ባልደረባችን የሁለት ክፍል ሕሙማንን ብቻዋን ይዛ ዋለች።

ይህ የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሊንዳ አይከንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት፣ በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ 168 ሆስፒታሎችን ያካተተ ጥናት አለ። በአንድ ነርስ ላይ አንድ ሕመምተኛ በተጨመረ ቁጥር ነርሷ በሥራ የመዛል ዕድሏ 23 በመቶ፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሕሙማን በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ 7 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የእኛ ድካም በመጨረሻ የሚያርፈው ሕሙማኑ ላይ ነው።

ስለዚህ ተተኪ ያልተመደበለት ሥልጠና አይጠራ፤ የሥልጠናው ሰዓትም የሥራ ሰዓት ሆኖ ይቆጠር። ከሌሊት ተራ የወጣ ሰው በዚያው ጠዋት አይጠራ። የተራ ሰንጠረዡ ከአራት ሳምንት በፊት ይለጠፍልን። ቅያሬውም ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከዚያም ወደ ሌሊት ይሂድ እንጂ ወደ ኋላ አይመለስ፤ ሰውነት እንቅልፍን ከማስቀደም ይልቅ ማዘግየት ይቀለዋልና።

የሒሳብ ክፍል ተወካይ፦
ሲስተር ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ ደግሞ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ መናገር ግዴታዬ ነው። ገቢያችን በአብዛኛው በፕሮጀክት ታስሮ ከለጋሾች የሚመጣ ነው። ለሠራተኛ ዕድገት የሚያዘው ገንዘብ «የአስተዳደር ወጪ» በሚለው መደብ ሥር ስለሚቀመጥ፣ ቅነሳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። በገዛ እጄ ሰርዤው አውቃለሁ፤ ሰርዤው ያደርኩበት ሌሊት ቀላል አልነበረም።

እንግዲህ መደቡን እንለውጥ። በእያንዳንዱ የፕሮጀክት ሐሳብ፣ ደመወዝ በሚጻፍበት በቀጥተኛው ወጪ ውስጥ፣ የሥልጠና፣ የክትባትና የተተኪ ሠራተኛ ወጪ በነፍስ ወከፍ ተሰልቶ ይግባ። ለጋሾችም ቢሆኑ በቀድሞው ልክ አልቆሙም። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በስምምነት የተወሰነ መጠን ለሌላቸው ድርጅቶች የሚፈቅደውን ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪ (እንደ አስተዳደር ያለውን) እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ከ10 በመቶ ወደ 15 በመቶ ከፍ አድርጓል። ስንጠይቅ አንፈር።

ለሁሉም ክፍል ተተኪ መቅጠር ግን አንችልም፤ ይህን ዛሬውኑ ብናገር ይሻላል። ከክፍል ክፍል ተዘዋውረው መሥራት የሚችሉ ጥቂት ነርሶች ቢኖሩን ሥልጠናዎቹን በየተራ ማስኬድ ይቻላል። አንድ ሥራ ደግሞ እኔ እወስዳለሁ፦ ባለፉት ሦስት ዓመታት ሠራተኛ በለቀቀ ቁጥር ለማስታወቂያ፣ ለፈተና፣ ለትርፍ ሰዓትና አዲሱን ሰው ለማለማመድ ያወጣነውን ከመዝገብ አወጣለሁ። ቦርዱ ሠራተኛን ማቆየት ምን ያህል እንደሚያስወጣ ሲጠይቅ ኖሯል፤ የሠራተኛ መልቀቅ ያስወጣንን ግን ደምረን አሳይተነው አናውቅም።

የጽዳት ክፍል ተወካይ፦
ረቂቁንም የሁላችሁንም ሐሳብ አነበብኩ። የእኛ ክፍል የለበትም። ቅር ብሎኝ ሳይሆን፣ ነገሩ ሳይታሰብ የሚቀረው እንዲህ ስለሆነ ነው የምናገረው።

ከእኛ አንዷ ቆሻሻ ስትሰበስብ ከከረጢቱ ውስጥ መርፌ ወጋት። መርፌው ለስለታም ነገር በተዘጋጀው ሳጥን ውስጥ መግባት ነበረበት። ጣቷን በፕላስተር ጠቅልላ፣ በላዩ ጓንት ደርባ ሥራዋን ቀጠለች። ለሁለት ቀን ለማንም አልተናገረችም። ለምን ብዬ ስጠይቃት «ጥንቃቄ የላትም እንዳይሉኝ» አለችኝ። ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን እንደሚወሰድ የሰማችው ያኔ ነው። የቀራት አንድ ቀን ነበር። እጇን ይዤ ወሰድኳት። መድኃኒቱን ጀመረች፣ ጨረሰች፣ የመጨረሻው ምርመራም ነጻ መሆኗን አሳየ። እነዚያን ወራት ግን ልጆቿን እየፈራች ነው ያቀፈቻቸው።

የምንጠይቀው ይህን ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ማንም አዲስ ሠራተኛ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የመጀመሪያውን ይውሰድ። መርፌ የወጋው ሰው ሌሊትም ቢሆን የሚደውልለት አንድ ተጠሪ ይኑር፤ ጥፋተኛ ማን ነው የሚለው ጥያቄም ከሕክምናው በፊት አይነሳ። ዕድገትን በተመለከተ ደግሞ፣ ለዓመታት ወለል ስታጸዳ የኖረች ሴት ተምራ ወደ መሣሪያ ማምከኛ ክፍል ብትገባ ምን ይከለክላታል? የማምከኛው ማሽን ሊበላሽ ሲል ድምፁን ለይታ ለቴክኒሻኑ የምትነግረው እኮ እሷ ናት።

የአእምሮ ጤና ባለሙያ፦
እህቴ፣ ይህን ስላነሱት አመሰግናለሁ። እኔ ልጽፈው ያሰብኩትን ለውጠውብኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ በሥራ መዛልን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አለው እንጂ በሽታ አላለውም። ሦስት ገጽታዎች አሉት፦ ጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ ወይም በሥራው ተስፋ መቁረጥ፣ ሥራን በብቃት የመወጣት ስሜት መቀነስ። ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር «በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ» ተብሎ መገለጹ ነው። ሰውየውን ብቻ አስቀምጠን ብናማክረውና ወደዚያው ሰንጠረዥ ብንመልሰው ሥራው ግማሽ ነው። ምክር እኔም እሰጣለሁ፣ ዋጋውንም አውቃለሁ፤ ነገር ግን የሲስተር የተራ ሰንጠረዥ ከእኔ ምክር መቅደም አለበት።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ሕመምተኛ በእጃችን ላይ ሲሞት ወይም ስሕተት ሲፈጠር የምንነጋገርበት ቦታ የለንም። በአሜሪካ ቦስተን በ1990ዎቹ የተጀመረውና የሽዋርትዝ ዙር የሚባለው ልማድ ለዚህ ይስማማናል። ከሐኪም እስከ ካርድ ክፍል ያለ ሠራተኛ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ፣ ስለ ሕክምናው አካሄድ ሳይሆን ነገሩ በልቡ ውስጥ ስላሳደረበት ስሜት ይናገራል። ፍርድም መፍትሔም አይሰጥበትም። በወር አንድ ሰዓት ይበቃናል። ሁለተኛ፣ የሠራተኞችን ሁኔታ በመጠይቅ እንለካ። ከአምስት ሰው በታች ያለበት ክፍል ውጤት ግን ለብቻው አይውጣ፤ ማን ምን እንዳለ ከታወቀ በሚቀጥለው ዓመት እውነቱን የሚጽፍ አናገኝም።

የላቦራቶሪ ክፍል ተወካይ፦
በሁሉም እስማማለሁ። ያልተነሳው የአገልግሎት ግዴታ ነው። ቦርዱ «አሠልጥነን ይሄዱብናል» ማለቱ አይቀርም፤ ለሦስት ቀን ሥልጠና የሁለት ዓመት ግዴታ ያስፈረሙ አለቆችም አይቻለሁ። ያን ፈርሞ የቆየ ሰው ልቡ ከሄደ ቆይቷል። የአሜሪካ ነርሲንግ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1983 ነርሶችን ስበው ማቆየት የቻሉ 41 ሆስፒታሎችን ለይቶ ባጠና ጊዜ፣ ጎልተው የታዩት የሚደግፍ አመራር፣ በሥራ ላይ የመወሰን ነጻነት፣ በቂ የሰው ኃይልና የመማር ዕድል ነበሩ። ስለዚህ ግዴታው ደመወዝ እየተከፈለ ከስድስት ወር በላይ ለሚወሰድ ትምህርት ብቻ ይሁን፤ ጊዜውም ከትምህርቱ ጊዜ አይብለጥ።

የሒሳብ ክፍል ተወካይ፦
ከትምህርቱ ጊዜ እኩል ከሆነ ለቦርዱ ላስረዳው እችላለሁ። ተስማምቻለሁ። የወር አንድ ሰዓቷም ከተዘዋዋሪዎቹ ነርሶች ሰዓት ላይ ትያዝ።

ሰብሳቢዋ፦
አንቀጹን እንዲህ አሻሽዬዋለሁ፦ «ድርጅቱ በእያንዳንዱ የፕሮጀክት በጀት ቀጥተኛ ወጪ ውስጥ የሥልጠና፣ የክትባትና የተተኪ ሠራተኛ ወጪ በነፍስ ወከፍ ይይዛል። ተተኪ ያልተመደበለት ሥልጠና አይካሄድም። የተራ ሰንጠረዥ ከአራት ሳምንት በፊት ይወጣል። ሠራተኞች በተቀጠሩ በመጀመሪያው ሳምንት ክትባት ይጀምራሉ፤ በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሰው በማንኛውም ሰዓት ተጠሪውን ያገኛል። አፈጻጸሙን የሰው ኃይል ኃላፊው በየሦስት ወሩ ለቦርዱ ያቀርባሉ።» የወር ውይይቱ፣ መጠይቁና የአገልግሎት ግዴታው በሁለተኛው አንቀጽ፣ ወደ ማምከኛ ክፍል የሚወስደው የዕድገት መንገድ በሦስተኛው ይገባሉ።

የጽዳት ክፍል ተወካይ፦
«ሠራተኞች» የሚለው ላይ «በኮንትራት ያሉትንም ጨምሮ» ይባልልኝ። ከእኛ ግማሾቹ በኮንትራት ናቸው፤ ያቺ ልጅም በኮንትራት ነበረች።

ሰብሳቢዋ፦
ተጨምሯል። ረቂቁ ነገ በወረቀት ታትሞ ለየክፍሉ ይደርሳል። የሌሊት ተረኞች አስተያየታቸውን ሳይሰጡ ለቦርዱ አይሄድም፤ ሲስተር፣ እርስዎ ሰብስበው ያድርሱልኝ።