ብቻዬን ስጀምር በራሴ ስም ወይስ በማህበር?

ጀማሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ለዓመታት ተቀጥሬ ከሠራሁ በኋላ የራሴን የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ ሥራ ልጀምር ነው። ግማሹ ሰው በስምሽ ፈቃድ አውጪና ግቢበት ይለኛል። ግማሹ ደግሞ ኃላፊነቱ የተወሰነ ማህበር፣ ማለትም ዕዳው በራሱ ላይ ቀርቶ ወደ ባለቤቱ የግል ንብረት የማያልፍ ድርጅት፣ ሳታቋቁሚ አንዲት ሽቦ እንዳትነኪ ይላል። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ጓደኛዬም ግማሽ በግማሽ እንግባ እያለኝ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ? ደግሞስ አንድ ሰው ብቻውን ማህበር አቋቁሞ ከዕዳ መጠለሉ ልክ ነው ትላላችሁ?

የሒሳብ ሠራተኛው፦ እህቴ፣ በስምሽ ጀምሪ። ማህበር ወረቀቱን አውጥተሽ የምትረሺው ነገር አይደለም። የራሱ የባንክ ሂሳብ ይፈልጋል፣ መዝገብ ይፈልጋል፣ በየዓመቱ ሒሳቡ መዘጋት አለበት፣ ልተወው ብትይ እንኳ ማፍረሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በብዙ አገር ማህበሩ በትርፉ ላይ ግብር ይከፍላል፣ ከዚያ የተረፈውን ወደ ኪስሽ ስታወጪው እንደገና ይቆረጥበታል። በስምሽ ከሆነ ትርፉ ያንቺ ገቢ ነው፣ አንዴ ይታሰባል፣ አለቀ። ገና ገበያ ሳያገኙ በወረቀት ወጪ የደከሙ ሰዎች አውቃለሁ። መጀመሪያ ደንበኛ ይኑርሽ።

ከሽርክና የወጣው፦ የወጪውን ነገር ልክ ነህ ወንድሜ። ግን ስለ ጓደኛዋ ምንም አላልክም፣ እኔን ያስፈራኝ ደግሞ እሱ ነው። እኛም ሁለት ነበርን። ጓደኛሞች ነን ብለን ማህበር አላቋቋምንም፣ ውልም አልጻፍንም። እሱ እኔ ሳላውቅ በሥራው ስም ብዙ ዕቃ በዱቤ አነሳ። ሥራው ሲወድቅ አቅራቢው የመጣው እኔ ጋ ነው፣ ምክንያቱም የሚያዝ ንብረት የነበረኝ እኔ ነኝ። ግማሹን ልክፈል ብል ሰሚ አላገኘሁም፣ ሙሉውን ከፈልኩ። ሽርክና እኮ ለመወለድ ወረቀት አይጠብቅም። አብራችሁ ሠርታችሁ ትርፍ ከተካፈላችሁ በብዙ አገር ሕግ ሸሪኮች ናችሁ፣ አንዱ የፈረመው ሌላውን ያስራል። እህቴ፣ ከእሱ ጋ ያለ ማህበር አንድ ቀን እንዳትሠሪ።

ዕቃ አቅራቢዋ፦ እኔ ደግሞ በዱቤ የምሰጥ ነኝ፣ ከወዲያ ማዶ ያለውንም ስሙ። ባለቤቱ ያልከፈለውን ዕዳ አንድ ሰው መሸከሙ አይቀርም፣ ያ ሰው እኔ ነኝ። ባንክ ሲያበድር መያዣ ይይዛል፣ ግብር ሰብሳቢውና ሠራተኛውም ብዙ ጊዜ ይቀድሙኛል፣ እኔ ጋ ሲደርስ ካዝናው ባዶ ነው። ሰውየው ግን በሳምንቱ በሌላ ስም ሌላ ማህበር ይከፍታል! ብዙ ሰው ገንዘብ ላዋጣበት ትልቅ ኩባንያ ጥበቃው ይገባኛል። ብቻውን ለሚወስን፣ ብቻውን ለሚያተርፍ ሰው ግን ለምን? ያተረፈውን ከወሰደ ኪሳራውንም ይውሰድ።

የሕግ ባለሙያው፦ ያነሳሽው ነገር ከመቶ ዓመት በላይ ያከራከረ ነው። እንግሊዝ አገር አሮን ሳሎሞን የሚባል ቦት ጫማ ሠሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 የግል ሥራውን ራሱ ላቋቋመው ማህበር ሸጠ። ሕጉ ሰባት አባላት ይጠይቅ ስለነበር ሚስቱና አምስት ልጆቹ አንዳንድ አክሲዮን ያዙ፣ የእሱ ግን 20,001 ነበር። ማህበሩ ብዙም ሳይቆይ ከሰረ። የሥር ፍርድ ቤቶች ዕዳው ወደ ራሱ ይዞራል አሉ፣ በ1896 ያን ጊዜ የአገሩ የመጨረሻ ፍርድ ሰሚ የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት ሻረው። ማህበሩ በሕጉ መሠረት እስከተቋቋመ ድረስ ከሳሎሞን የተለየ አካል ነው ተባለ። የዛሬው የአውሮፓ ኅብረት ቀዳሚ የነበረው የአውሮፓ ማህበረሰብም በ1989 ባወጣው መመሪያ ለባለ አንድ አባል ማህበር በሩን ከፈተ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንዴ ቢሳሳት ቤቱንም እንደሚያጣ የሚያውቅ ሰው አይሞክርም።

ዕቃ አቅራቢዋ፦ የሳሎሞንን ታሪክ ካነሳህ ጨርሰው እንጂ። ሰውየው ለራሱ ማህበር በመያዣ ያበደረ ሆኖ ከፊት ተሰለፈ፣ ተራ አቅራቢዎቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

የሕግ ባለሙያው፦ እውነትሽን ነው፣ አልክድም። ግን አንቺ ዱቤ ከመስጠትሽ በፊት የግል ዋስትና መጠየቅ ትችያለሽ፣ ባንኮችም ለትንሽ ማህበር ሲያበድሩ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፣ ባለቤቱ ዋስ ሆኖ ከፈረመ ለዚያ ዕዳ ማህበሩ አያስጥለውም። ለጀማሪዋም የምነግራት ከዚህ ይነሳል። ማህበር ሁሉን የሚከልል ግድግዳ አይደለም። የማህበሩን ገንዘብ ከቤትሽ ገንዘብ ጋ ከቀላቀልሽው ፍርድ ቤት ግድግዳውን ሊያነሳው ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሽቦውን በገዛ እጅሽ አሳስተሽ ዘርግተሽ ቤት ቢቃጠል በራስሽ ጥፋት አንቺም ልትከሰሺ ትችያለሽ፣ ማህበር ኖረሽም አልኖረሽም። ማህበሩ በደንብ የሚጠቅምሽ ሠራተኛ ቀጥረሽ እሱ ሲያጠፋ፣ ወይም ዋስ ሳትፈርሚ በማህበሩ ስም ዱቤ ስትወስጂ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛው፦ እሳቱን አላሰብኩትም ነበር። እንግዲያው በሥራዋ ሌላ ሰው ቢጎዳ ካሳውን የሚሸፍን የኃላፊነት ኢንሹራንስ ይቅደም፣ በስሟም ሠራች በማህበር። ብቻዋን እስከሆነች ድረስ ግን አሁንም በስምሽ ጀምሪ ነው የምለው። ሠራተኛ ልትቀጥር ስትል ትቀይረው።

የሕግ ባለሙያው፦ መቀየር ይቻላል፣ በነጻ ግን አይደለም። ፈቃዱና ውሎቹ በስሟ ናቸው፣ እያንዳንዱን ወደ ማህበሩ ማዞር አለባት፣ ደንበኛውም እሺ ማለት አለበት። በስሟ የገባችው የድሮ ዕዳም ማህበር አቋቋመች ተብሎ ከእሷ ላይ አይወርድም። በስድስት ወር ውስጥ ሰው የምትቀጥር ከሆነ ከአሁኑ ታቋቁመው።

ጀማሪዋ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለጊዜው ሠራተኛ የመቅጠር ሐሳብ የለኝም። ዕቃውንም በዱቤ ሳይሆን ደንበኛው በሚከፍለኝ ቅድሚያ ክፍያ እገዛለሁ። ስለዚህ በስሜ እጀምራለሁ፣ ኢንሹራንሱን ግን ከመጀመሪያው ሥራ በፊት እገባለሁ። አቅራቢዋ፣ ያንቺን ነገር አልረሳውም። ዱቤ የምጠይቅበት ቀን ከመጣ ምን እንዳለኝና ምን እንደሌለኝ አስቀድሜ እናገራለሁ። ጓደኛዬን ዛሬ አነጋግረዋለሁ፣ መግባት ከፈለገ በማህበርና በጽሑፍ ነው።

ከሽርክና የወጣው፦ ጎበዝ። ስትጽፉ ግን ግማሽ በግማሽ አታድርጉት፣ ካልሆነም ሳትስማሙ ስትቀሩ ማን እንደሚወስን አስፍሩ። አንዳችሁ ልውጣ ስትሉ ድርሻው በምን እንደሚተመን፣ በስንት ጊዜ እንደሚከፈል፣ ይህንንም አሁን ሳትጣሉ ጻፉት። እኛ ይህን ለመጻፍ የተቀመጥነው ሰላምታ ካቆምን በኋላ ነበር።