የቆየ ይቅደም? በላይኛው ምክር ቤት የነባር አባላት ቅድሚያ ላይ የተደረገ ክርክር

ጡረተኛው የሥነ ዜጋ መምህር፣ ቱሉ ዲምቱ

የተከበራችሁ የሰፈራችን ሰዎች፣ ባለፈው ቅዳሜ ከዕድር ስብሰባ በኋላ የጀመርነው ክርክር ስለ መሸብን ተቋርጧል። በጽሑፍ እንቀጥለው ባላችሁት መሠረት ጥያቄውን እንደገና አቀርባለሁ፦ በአንድ አገር ላይኛው ምክር ቤት ውስጥ ረጅም ዘመን ያገለገለ አባል፣ በቆይታው ብቻ፣ ለኮሚቴ ሰብሳቢነትና ለመሪነት ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል ወይስ አይገባም? እኔ አይገባም ባይ ነኝ።

ሁላችንም የምናነሣው ምሳሌ የአሜሪካው ሴኔት ስለሆነ አሠራሩን ላስታውስ። ከ50ዎቹ ክፍለ ግዛቶች ሁለት ሁለት ሆነው የተመረጡ 100 አባላት አሉት፤ የአንዱ ዘመን ስድስት ዓመት ነው፤ በድጋሚ ለመመረጥም ገደብ የለበትም። የነባር አባላት ቅድሚያ በሕገ መንግሥታቸው ውስጥ አንድም ቦታ አልተጻፈም፤ ልማድ ነው። ነገር ግን ልማዱ የጠና ነው፤ የቢሮ ምርጫ ሳይቀር በእርሱ ተራ ይሄዳል። የኮሚቴ ሰብሳቢነትም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ከብዙኃኑ ፓርቲ በዚያ ኮሚቴ ውስጥ ረጅም ጊዜ ለቆየው ነው። ምክትል ፕሬዚዳንቱ በሌለ ጊዜ ምክር ቤቱን የሚመራው ጊዜያዊ ፕሬዚዳንትም በልማድ ከብዙኃኑ ፓርቲ የሁሉ ነባር የሆነው ሴናተር ነው፤ ይህ ሰው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ቢሞት ከምክትሉና ከታችኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ቀጥሎ ሦስተኛው ተተኪ መሆኑን ልብ በሉ።

በአንድ ቀን የገቡ ሰዎች ሲኖሩ ቀድሞ ሴናተር የነበረ፣ የታችኛው ምክር ቤት አባል የነበረ፣ አገረ ገዥ የነበረ እየተባለ ይታያል፤ ከዚያም የክፍለ ግዛቱ የሕዝብ ብዛት ይመዘናል። እ.ኤ.አ. በጥር 20 ቀን 2021 ከጆርጂያ ሁለት አዲስ ሴናተሮች፣ የ33 ዓመቱ ጆን ኦሶፍና የ51 ዓመቱ ራፋኤል ዋርኖክ፣ በአንድ ቀን ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ሁለቱም ቀድሞ የያዙት እንዲህ ያለ ሥልጣን አልነበረም፤ ክፍለ ግዛታቸውም አንድ ስለሆነ የሕዝብ ብዛቱ አይለያቸውም። ስለዚህ ነገሩ በፊደል ተራ ተፈታና ወጣቱ ኦሶፍ የጆርጂያ ቀዳሚ ሴናተር ተባለ። በእኛም ሀ ሁ ቢቆጠር አ ከወ ስለሚቀድም ውጤቱ ያው ነበር። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፤ አንዱን ሰው ከሌላው ለማስቀደም የስም ፊደል የሚበቃ ከሆነ፣ ተራው ስለ ብቃት የሚነግረን ነገር ምንድን ነው?

የሕግ ባለሙያዋ፣ ቱሉ ዲምቱ

መምህር፣ እንደ አባት ስለማከብርዎት ሐሳቤን ሳልሸፋፍን ልናገር። እርስዎ የነባርነትን ተራ የመዘኑት ከብቃት ጋር አስተያይተው ነው። በተግባር ግን የተራ ተቃራኒ ብቃት አይደለም፤ የፓርቲ መሪ ነው። ሰብሳቢነት በቆይታ ካልተደለደለ የሚደለድለው ሰው አለ፤ ያ ሰው ደግሞ ያኮርፋል፣ ውለታ ይቆጥራል፣ በድምፅ አሰጣጥ የተቃወመውን ይቀጣል። የቀን መቁጠሪያ ግን አያኮርፍም። በተራው የተቀመጠ ሰብሳቢ መሪውን ተቃውሞ ድምፅ ቢሰጥ በማግሥቱ ወንበሩን አጣለሁ ብሎ አይሰጋም። ለአንድ ሕግ አውጪ ይህ ትልቅ ነጻነት ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ ትንንሾቹን የሚመለከት ነው። ሮበርት ባይርድ ከዌስት ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 2010፣ ከ51 ዓመት በላይ፣ ሴናተር ነበሩ፤ ዳንኤል ኢኖዬ ከሃዋይ ከ1963 እስከ 2012 አገልግለዋል። ሁለቱም የበጀት ምደባ ኮሚቴውን በሰብሳቢነት መርተዋል። እነዚህ የሕዝባቸው ቁጥር አነስተኛ የሆነ፣ በታችኛው ምክር ቤት ጥቂት ወንበር ብቻ ያላቸው ክፍለ ግዛቶች ናቸው። በድምፅ ብዛት ቢሆን ኖሮ ካዝናው አጠገብ አይደርሱም ነበር።

ወደ እኛ ስንመጣ በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 61 መሠረት በፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ አባል አለው፤ በተጨማሪም ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ተወካይ ይጨመራል። ብቸኛ ወንበር ያለው ብሔረሰብ ሰብሳቢነትን በድምፅ ብልጫ አሸንፎ ይይዛል ብሎ ተስፋ የሚያደርግ አለ? በጊዜ ተራ ከሆነ ግን አንድ ቀን ይደርሰዋል።

የዕድሩ ጸሐፊ

ሁለታችሁንም በጥሞና አነበብኩ። እኔ የማውቀው የሰፈራችንን የውሃ ወረፋ ነው። ቧንቧው ለሳምንት ሲጠፋና ቦቴ ሲመጣ ቢጫ ጀሪካኖቹ ከብሎኩ ጥግ እስከ አስፋልቱ ይሰለፋሉ። ወረፋ ባይኖር ጉልበተኛው ጎረምሳ ቀድቶ ሲሄድ አቅመ ደካማዋ እናት ባዶ እጃቸውን በተመለሱ ነበር፤ ስለዚህ ልጄ የሕግ ባለሙያዋ ያለችው እውነት አለው። ነገር ግን ከሰልፉ ፊት ማታውኑ ተቀምጦ ያደረ፣ ባለቤቱ የማይታይ ባዶ ጀሪካንም አለ፤ ሌላው ከኋላው ቆሞ ፀሐይ ይበላዋል፣ ጀሪካኑን የሚነካው ግን የለም። ደግሞስ በወረፋ የሚቀዳው ውሃ ለሁሉም እኩል ሃያ ሊትር ነው። ሰብሳቢነት ሃያ ሊትር ነውን?

ጡረተኛው መምህር

ጸሐፊያችን የነኩት ዋናውን ነገር ነው፤ ሰብሳቢነት በሌሎች ጉዳይ ላይ የመወሰን ሥልጣን ነው። ለዚህ ከጄምስ ኢስትላንድ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። የሚሲሲፒው ሴናተር ኢስትላንድ እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1978 የሴኔቱን የፍትሕ ኮሚቴ መርተዋል። የዘር መለያየትን በግልጽ የሚደግፉ ሰው ሲሆኑ፣ የዜጎች መብት ረቂቆች ሁሉ የሚመሩት እርሳቸው ወደሚሰበስቡት ኮሚቴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የጸደቀው ታላቁ የዜጎች መብት ሕግ ከታችኛው ምክር ቤት ሲመጣ የብዙኃኑ መሪዎች ወደዚያ ኮሚቴ እንዳይላክ አድርገው በቀጥታ ለምክር ቤቱ ያቀረቡት፣ ከገባ እንደማይወጣ ስለሚያውቁ ነው። አንድ ምክር ቤት የራሱን ኮሚቴ እንደ ጉድጓድ ዘሎ ካለፈ፣ ሰብሳቢው የተመረጠበት መንገድ ከሽፏል ማለት ነው።

ልጄ የቀን መቁጠሪያ አያዳላም አለች። ያዳላል። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ኮሚቴዎች በደቡብ ሴናተሮች እጅ የወደቁት ደቡቡ ለአሥርተ ዓመታት አንድ ፓርቲ ብቻ የሚያሸንፍበት ምድር ስለነበረ ነው። ተፎካካሪ ያለበት ሴናተር ይወድቃል፣ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል፤ ተፎካካሪ የሌለበት ግን ዝም ብሎ ዓመት ያጠራቅማል። በሚሲሲፒ ጥቁር ዜጎች በሰበብ አስባቡ ድምፅ እንዳይሰጡ ይከለከሉ ነበር፤ እነርሱን ያገለለው ምርጫ ለኢስትላንድ ዓመታትን ሰጣቸው፣ ዓመታቱ ወንበሩን ሰጧቸው፣ ወንበሩ ደግሞ የተገለሉት ሰዎች መብት እንዲዘገይ መሣሪያ ሆነ። ከኒው ዮርክ ወይም ከካሊፎርኒያ የሚኖር መራጭ እርሳቸውን የሚያወርድበት መንገድ አልነበረውም።

የዕድሜ ነገርም አለ። ስትሮም ተርመንድ በ98 ዓመታቸው ገና ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት፣ ማለትም የፕሬዚዳንትነቱ ሦስተኛ ተተኪ ነበሩ፤ ከሴኔቱ የወጡት 100 ዓመት ከሞላቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ነው። ከዚያው ከሳውዝ ካሮላይና የተመረጡት ኧርነስት ሆሊንግስ ከ1966 ጀምሮ 36 ዓመት የክፍለ ግዛታቸው «ታናሽ ሴናተር» ሲባሉ ኖረዋል። ሆሊንግስ ሥራቸውን ስላልቻሉ አይደለም፤ ከፊታቸው ያለው ሰው ስላልተነሣ ነው።

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዋ

መምህርም እህቴም የአሜሪካውን ሴኔት ወደ እኛ ስታመጡ አንድ ነገር የዘለላችሁ ይመስለኛል። በአሜሪካ ሴናተሩን የሚመርጠው ከእ.ኤ.አ. 1913ቱ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ወዲህ ሕዝቡ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ቆይታው ቢያንስ በከፊል የሰውዬው ነው ሊባል ይችላል። በእኛ ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው፤ ራሳቸው ሊመርጡ ወይም በሕዝብ በቀጥታ እንዲመረጡ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ዘመኑም አምስት ዓመት ነው። አንድ አባል ለሁለተኛ ጊዜ መመለሱ በአብዛኛው በላኪው ፈቃድ ነው። እንግዲህ ሰብሳቢነትን በቆይታ እንስጥ ብንል የክልሉ ምክር ቤት «ይህን ሰው መልሰን እንላክ» ባለ ቁጥር የፌዴራሉን ኮሚቴ ሰብሳቢ እየመረጠ ነው ማለት ነው። ከፓርቲ መሪ እጅ ሸሽተን በሌላ በር እዚያው እንገባለን።

የትንንሾቹም ነገር እንዲሁ ይገለበጣል። ብዙ ወንበር ያለው ብሔር አሥር አባላቱን ቢለውጥ ሁለት ነባር ማስቀረት ይችላል። አንድ ወንበር ብቻ ያለው ብሔረሰብ ግን ተወካዩ ቢሞት፣ ቢታመም ወይም ሕዝቡ ሌላ ሰው ልላክ ቢል ወዲያው የሰልፉ መጨረሻ ይሆናል። ኃላፊነቱን ያልተወጣ ተወካይ እንኳ «ተራችን እንዳያልፈን» ተብሎ ሊታገሥ ነው። እኔ የምመጣው ከእንዲህ ያለ ብሔረሰብ ስለሆነ ነገሩ ለእኔ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ታሪካችንም የሚያስጠነቅቀን አለ። በ1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት፣ ማለትም የያኔው የላይኛው ምክር ቤት፣ አባላት በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙት በመስፍንነት፣ በሚኒስትርነት፣ በዳኝነት ወይም በጦር አለቅነት ለረጅም ጊዜ ካገለገሉ መኳንንት መካከል ነበር። በ1948 የተሻሻለውም ቢሆን ሹመቱን ለንጉሠ ነገሥቱ ትቶ የ35 ዓመት የዕድሜ ወለል አኖረ። አንጋፋነት ተጠይቆ ነበር፤ ነገር ግን አንጋፋው ተጠያቂ የነበረው ለሾመው እንጂ ለሕዝብ አልነበረም።

የሕግ ባለሙያዋ

እህቴ ስለ ላኪው ያነሣሽው ነጥብ ትክክል ነው፤ በዚህ ሐሳቤን አሻሽያለሁ። ነገር ግን «ድምፅ ይወስን» ብለን ብንተወው የብቸኛ ወንበር ባለቤቶች መቼም ሰብሳቢ አይሆኑም፤ ይህን ማንኛችሁም አልመለሳችሁልኝም። ስለዚህ ተራው ለሰው መሆኑ ይቅርና ለመቀመጫው ይሁን። በየዘመኑ ከኮሚቴዎቹ ሰብሳቢነት የተወሰነው ባለ አንድ ወንበር ለሆኑት እንዲዞር በውስጥ ደንብ ይጻፍ፤ ተወካዩ ቢለወጥም ብሔረሰቡ ተራውን አያጣም። ከዚህ ጋር ገደብ ይኑረው። የሴኔቱ ሪፐብሊካኖች ራሳቸው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ አንድ ሰው አንድን ኮሚቴ ከስድስት ዓመት በላይ እንዳይመራ በፓርቲያቸው ደንብ ወስነዋል፤ ነባርነትን ሳይጥሉ ልጓም አበጁለት።

እውቀት ግን እንዲጣል አልስማማም። ይህ ምክር ቤት ሕገ መንግሥት የሚተረጉም፣ ለክልሎች የሚሰጠውን የድጎማ ቀመር የሚወስን ነው። የባለፈውን ቀመር ክርክር በቦታው ሆኖ የሰማ አንድ ሰው በኮሚቴው ውስጥ መኖሩ ከብዙ ቃለ ጉባኤ ይሻላል። ሰብሳቢ አይሁን፣ ግን ይኑር።

የዕድሩ ጸሐፊ

በስድስቱ ዓመት እስማማለሁ። በእኛ ዕድር እንኳ ገንዘብ ያዥ ሲቀየር መዝገቡ ይመረመራል፤ ሳይቀየር የቆየ ጊዜ ግን ማንም አይጠይቅም። የሚከነክነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታላቅን ማክበር ከምክር ቤት ውስጥ ጨርሶ ሊወጣ ነው?

ጡረተኛው መምህር

አይወጣም፣ ጸሐፊያችን። የመቀመጫውን ተራ ሐሳብ እቀበላለሁ፤ አክብሮቱንም እንዲህ ነው የማየው። በጣሊያን ሴኔት ከምርጫ በኋላ የመጀመሪያውን ስብሰባ ከተገኙት በዕድሜ ታላቅ የሆነው አባል ይመራል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ከናዚዎቹ የሞት ካምፕ ከአውሽቪትስ የተረፉት የ92 ዓመቷ ሊሊያና ሴግሬ ነበሩ፤ ሴናተር ከሆኑ ገና አምስት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበርና ያስቀመጣቸው ዕድሜያቸው እንጂ ቆይታቸው አልነበረም። ንግግር አደረጉ፣ ምርጫውን መሩ፤ በዚያው ቀን ምክር ቤቱ በድምፅ የመረጠውን ፕሬዚዳንት አስቀምጠው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።