ከባዱ ካሜራ ይሸጥ ወይስ ይቆይ?

ከለገጣፎ፦ ሰላም ቤተሰብ። የሚቀጥለው ወር እቁብ የኔ ነው። ሰርግ ሳነሳ ብዙ ዓመቴ ነው፣ ያለኝ ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ነው። ከ70-200 ሌንሱ ጋር ቀኑን ሙሉ አንገቴ ላይ ሲውል ማታ ትከሻዬ አይታዘዝልኝም። ሚረርለሱን (ውስጡ መስታወት የሌለውን) የካኖን አር6ን ልግዛ ስል ጓደኞቼ «ዓይንህን የምታስጠጋበት ቪውፋይንደሩ እኮ ስክሪን ነው፣ ዓይንህ ይለምድና ሙያህ ይበላሻል» አሉኝ። ልምድ ያላችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ልሽጠው?

ከሱሉልታ፦ ወንድሜ አትሽጠው። እኔ ጠዋት ጠዋት እዚህ ሜዳ ላይ የሚለማመዱ ሯጮችን ነው የማነሳው። በ5ዲው ቪውፋይንደር የምታየው በሌንሱ ገብቶ በመስታወት የተንጸባረቀውን ብርሃን ራሱን ነው። ሚረርለሱ ግን መጀመሪያ ሴንሰሩ (ብርሃኑን ወደ ምስል የሚቀይረው ክፍል) ያያል፣ ያቀናብራል፣ ከዚያ ነው ለአንተ የሚያሳይህ። መዘግየቱ ጥቅሻ አይሞላም፣ ግን የሯጭ እግር መሬት የሚለቅበትን ቅጽበት ለሚጠብቅ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ደግሞ ጉም ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዓይኔን ካሜራው ላይ አድርጌ ስጠብቅ ባትሪዬ አይነካም። ክብደቱም ቢሆን ጠላት አይደለም፣ ረጅም ሌንስ ሲሰካበት እጅ ላይ ይረጋል። ደንበኛም ትልቅ ካሜራ ካላየ ባለሙያ አይመስለውም።

ከገላን፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሠርቶ ለሚገባ ሰው ነው። እኔ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሙሽራ ቤት ገብቼ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው የምወጣው። አንገቴን አሞኝ ሐኪም ዘንድ ስመላለስ ከርሜ ነው ወደ አር6 የዞርኩት። ደንበኛ ደግሞ በመጨረሻ የሚያየው አልበሙን ነው።

ለኔ ትልቁ ጉዳይ ግን ነጠላው ነው። ሙሽራዋ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ፣ ሙሽራው ጥቁር ሱፍ ለብሰው የቀትር ፀሐይ ላይ ሲቆሙ የካሜራው ብርሃን መለኪያ ይሳሳታል። ወይ ፊቱ ይጨልማል፣ ወይ ጥልፉ ነጥቶ ይጠፋል። በድሮው ካሜራ ይህን የማውቀው ካነሳሁ በኋላ ነበር፣ ያውም ፀሐይ ላይ የጀርባ ስክሪን ምን ያህል እንደሚታይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አስተካክዬ ቀና ስል የሙሽሮቹ ሳቅ አልፏል። አሁን ቁልፉን ሳልነካ ብርሃኑን ከነሂስቶግራሙ (የብርሃኑን ስርጭት ከሚያሳየው ግራፍ ጋር) ቪውፋይንደሩ ውስጥ አየዋለሁ። ሙያዬ አልተበላሸም።

ከሰበታ፦ ክብደቱን በቁጥር እናውራው። 5ዲ ማርክ 4 ከነባትሪው 890 ግራም ነው፣ አር6 ደግሞ 680። ልዩነቱ 210 ግራም። ግን የድሮውን 70-200 ይዘህ ከቀጠልክ ከአር6 ጋር የሚያገናኘው አዳፕተር ያስፈልግሃል፣ እሱ ብቻውን 110 ግራም ነው። እቁብህን ሙሉ ከፍለህ ከትከሻህ የወረደው 100 ግራም! ሸክሙ ያለው ሌንሱ ላይ ነው። የኢኤፉ (ለ5ዲ ዓይነቱ የተሠራው) 70-200 ኤፍ 2.8 ሦስተኛው ስሪት ያለ ትራይፖድ ቀለበቱ 1,480 ግራም ይመዝናል፣ የአርኤፉ (ለሚረርለሱ የተሠራው) 1,070። ሌንሱን የማትቀይር ከሆነ በክብደት ሰበብ ካሜራ አትቀይር። በቪውፋይንደሩ ምክንያት ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ከቡራዩ፦ ባትሪውንስ ማን ያንሳው? በፋብሪካው መለኪያ 5ዲው በአንድ ባትሪ ወደ 900 ፎቶ ያነሳል፣ አር6 በቪውፋይንደር 400 አይሞላም። ዓርብ ማታ መብራት ከጠፋና ቅዳሜ ሰርግ ካለህ ጭንቅ ነው፣ ስለዚህ የትርፍ ባትሪዎቹንም ዋጋ ደምር። ግን ተክሊል ላይ የሚረርለሱ ድምፅ የሌለው ሹተር (ያለ ድምፅ ማንሻው) በረከት ነው፣ ቀጭ ቀጭ እያልክ ጸሎት አትረብሽም። የኤልኢዲ መብራት ያለበት አዳራሽ ስትገባ ግን ድምፅ አልባውን ሹተር አጥፋው፣ ፎቶው ላይ መስመር መስመር ሊጥል ይችላል።

ከሱሉልታ፦ የነጠላውን ነገር እቀበላለሁ ልጄ፣ እኔም ፎቶ ላይ ብርሃን አብዝቼ ብዙ ነጭ ቀሚስ አቃጥያለሁ። ለሩጫ ግን ከመስታወቴ አልለይም።

ከለገጣፎ፦ ሌንሱንም አብሬ ልቀይር እቁቡ አይበቃኝም። እህቴ፣ ቅዳሜ ገላን ልምጣና የራሴን ሌንስ ካሜራሽ ላይ ሰክቼ ልየው?

ከገላን፦ ቅዳሜ ሰርግ አለኝ። እሑድ በቀትር ና፣ ነጭ የለበሰ ሰው ይዘህ። አዳፕተሩ እኔ ጋ አለ።