ልቦለዴ ምዕራፍ 4 ላይ ቆመብኝ፤ የአኒሜ ወዳጆች እርዱኝ

ጠያቂ፦ ሚጣ ዘሐዋሳ
ሰላም ጎበዞች። «ፉልሜታል አልኬሚስት ብራዘርሁድ» የሚባለውን አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም) ከጨረስኩ በኋላ እጄን ሲበላኝ የራሴን ታሪክ በአማርኛ ጀመርኩ። ጀግናዋ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው የአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፤ የሐይቁን ውሃ እንዳሻት ታዛለች። 3 ምዕራፍ ያለ ችግር ሄደልኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ማንም ቢመጣባት በማዕበል ጠርጋ ትጥለዋለች፣ አለቀ። ምን ልጻፍ? በዚያ ላይ ንግግሩ ሁሉ ሰብታይትል ሰብታይትል ይላል። ጓደኛዬም «ኮፒ ነው» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

የታቦር ልጅ፦
ችግሩ ውጊያው አይደለም፣ ኃይሏ በነጻ መሆኑ ነው። የፉልሜታል ወንድማማቾች ኤድ እና አል የሞተች እናታቸውን ሊመልሱ ሞክረው ኤድ ግራ እግሩን፣ አል መላ አካሉን አጣ። ኤድ የወንድሙን ነፍስ ከብረት ልብስ ጋር ለማሰር ደግሞ ቀኝ እጁን ከፈለ። የሚገኝ ነገር ሁሉ እኩያውን ያስከፍላል የሚለው ሕግ ገና ከጅምሩ ስለተተከለ 64ቱን ኤፒሶድ የሚነዳው ያ ዕዳ ነው።

ያንቺዋስ ውሃውን ከየት ነው የምታነሳው? ሐይቃችን ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከላዩ ፈሶ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ጎድጓዳ ሳህን ላይ እንዳለ ውሃ ነው፤ ከአንድ ጥግ ስትዘግኚ ዳሩ ሁሉ ይጎድላል። በወዲያኛው ዳር ስታሸንፍ አሞራ ገደል ላይ ጀልባ ጭቃ ውስጥ ይቀራል፣ የአባቷ መረብ ቆሮሶ ዓሣ ሳይዝ ይወጣል።

ኦታኩ 20፦
እኔ ገና ኤፒሶድ 20 ላይ ነኝ። መጨረሻውን የምታነሱ ፈጣሪ ይይላችሁ።

ቲቸር ከመናኸሪያ፦
ስለ ንግግሩ ልበል። «በፍጹም ይቅር አልልህም! ኃይሌን ተመልከት!» እያለ የሚጣላ ሰው ፒያሳ ላይ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኛ ጋ የተናደደ ሰው ያሽሟጥጣል፤ ትልቅ ሰው ፊት ከሆነ ደግሞ ቃሉን ይውጣል። ክፉውን ሰውዬ በዕድሜ የገፋ አድርጊውና እንዲህ ሞክሪ፦

«ጋሼ፣ የአባቴን ጀልባ ይመልሱልኝ።»
«ሂጂ፣ አባትሽን ላኪ።»
«ጀልባውን መልስ።»

ከእርስዎ ወደ አንተ የወረደችበት መስመር ከማዕበሉ በላይ ያስደነግጣል፤ ቃለ አጋኖ እንኳ አላስፈለገም። ጽፈሽ ስትጨርሺ ለቤት ሰው ጮክ ብለሽ አንብቢ። ባላሰብሽው ቦታ ከሳቁ፣ ያንን መስመር ሰርዢው።

ማኪያቶ፦
«ኮፒ» የሚለውን እርሺው። አኒሜው የተነሣበት የሂሮሙ አራካዋ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) እ.ኤ.አ. በ2001 ጀምሮ ያለቀው በ2010 ነው። የመጀመሪያው አኒሜ በ2003 ሲወጣ ማንጋው ገና ስላላለቀ የራሱን መንገድ ይዞ በ51 ኤፒሶድ የራሱን መጨረሻ ሠራ። ብራዘርሁድ በ2009 መጥቶ ማንጋውን ተከተለ። ወንድማማቾቹ እነዚያው፣ ጥፋታቸው ያው፣ መድረሻቸው ሌላ። ሕግ መዋስ ነውር የለውም፤ የብረት ልብሱን ብቻ ተዪላቸው። (በግሌ የ2003ቱ ይበልጥብኛል። ስድብ ያላችሁ ወዲህ በሉ።)

ኦታኩ 20፦
መጨረሻውን አታንሱ አልኩ እኮ!

ሚጣ ዘሐዋሳ፦
የመረቡ ሐሳብ ገባኝ። ግን አባቷ ከተጎዳ ኃይሏን መጠቀም ታቆማለች፤ ታሪኩም መልሶ ይቆማል።

የታቦር ልጅ፦
እንዳታቆም አድርጊያታ! ጠላትየው ጥቁር ውሃን ከላይ ይዝጋው። ካልተዋጋች ሐይቁ ይሸሻል፣ ከተዋጋች ቤቷ ይራባል። አባቷ ደግሞ ማን እንዳደረገው አይወቅ፤ ማታ እራት ላይ «ሐይቁ ተቀየመን» ይበላት። ምዕራፍ 4ን ከዚያ እራት ጀምሪ፣ ውጊያውን ለ5 አቆዪው።

ቲቸር ከመናኸሪያ፦
እራቱም ሽሮ ይሁን። ዓሣ አጥማጅ ቤት ሽሮ ሲቀርብ አንባቢው ራሱ ምን ሆኑ ብሎ ይጠይቃል፤ አንቺ ማብራራት የለብሽም።